ሳጥኑ እንዲጨፍር ማን ፈቀደለት?

ጠጋ በሉ፤ ጮክ ተብሎ የሚወራ ነገር አይደለም።

ጥምቀት አልፎ የጥር ሠርግ ጎንደርን ሲያጥለቀልቃት ወደ አንዱ ዳስ ገብታችሁ ሙዚቃው ወዳለበት ጥግ ብታማትሩ፣ ከትልቁ የባዝ ሳጥን አናት ላይ ድንጋይ ተቀምጦ ታያላችሁ። የወፍጮ መጅ የሚያክል ድንጋይ። አንዳንዴ በድንጋዩ ፈንታ የጄኔሬተሩ የነዳጅ ጀሪካን ይቀመጣል፤ አንዳንዴም የቢራ ሳጥን ከነጠርሙሱ። ለምን ብሎ የሚጠይቅ ብዙ ሰው የለም። የጠየቀ ካለም የእኛ የሙያው ሰዎች መልስ አንድ ነው፦ «ባዙ እንዳይባክን ነዋ!» እኔም ለዓመታት ይህንኑ ስመልስ ኖሬያለሁ። መልሱ ውሸት ነው። ድንጋዩ ግን ያስፈልጋል፤ የሚያስፈልግበት ምክንያት ነው ሌላ።

ከአዘዞ እስከ ደባርቅ ሞንታርቦ ስጭንና ሳወርድ ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት። ሞንታርቦ ራሱ የአንድ የጣሊያን ፋብሪካ ስም ነበር፤ እኛ ጋ ሲደርስ የማንኛውም ትልቅ ድምፅ ማጉያ ስም ሆኖ ቀረ። ኮላውም፣ ቪቴውም፣ ኮምፔርሳቶውም ከዚያው አገር የመጡ ቃላት ናቸው፤ አናጺውና ድምፅ ሠሪው ሲነጋገሩ ብትሰሙ ግማሹ ወሬ የጣሊያን ነው። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት የገባኝ ነገር ቢኖር ደንበኛ ባዝን የሚለካው በዓይኑና በመዳፉ መሆኑ ነው። ሳጥኑ ሲንቀጠቀጥ፣ ብርጭቆው ጠረጴዛ ላይ ሲራመድ፣ የዳሱ ቆርቆሮ ሲንጫጫ «ይመታል!» ይላል። ከሳጥኑ ጀርባ ለምንቆመው ለእኛ ግን የሚንቀጠቀጥ ሳጥን ማለት ሥራው ያላለቀ ሳጥን ነው። ይህን ለደንበኛ አንነግርም። የምንከፈለው በእሱ ዓይን ነዋ።

እስኪ ሒሳቡን ላንሾካሹክላችሁ። ጎርጎራ ወርዳችሁ ከታንኳ ላይ ወደ ዳር ዘላችሁ ታውቁ እንደሆነ፣ እናንተ ወደ ፊት ስትወረወሩ ታንኳዋ ወደ ኋላ ትሸሻለች። ስፒከርም ያው ነው። ኮኑ ወደ ፊት በዘለለ ቁጥር ሳጥኑ ወደ ኋላ ይገፋል። ነገር ግን ስንት? ባለ 18 ኢንች የሠርግ ስፒከር ላይ የሚንቀሳቀሰው ክፍል፣ ወረቀቱ ከነጥቅልል ሽቦው፣ 200 ግራም ገደማ ይመዝናል። ሳጥኑ ከነማግኔቱ 50 ኪሎ ቢሆን ከዚያ ተንቀሳቃሽ አካል 250 ጊዜ ይከብዳል። ስለዚህ ኮኑ 10 ሚሊ ሜትር ሲወጣ ሳጥኑ የሚሸሸው 0.04 ሚሊ ሜትር ነው። ከፀጉር ውፍረት አይበልጥም። ከባዙ የሚጎድለው ከመቶ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ጆሮ ልዩነት አለ ለማለት 1 ዴሲቤል ያህል ለውጥ ይሻል፤ ይኸኛው 0.03 ዴሲቤል ቢሆን ነው። እንግዲህ አናቱ ላይ 20 ኪሎ ድንጋይ ስለጫናችሁበት የምታተርፉት ባዝ የለም። «እንዳይባክን» የምንለው እዚህ ላይ ያበቃል።

ታዲያ ድንጋዩ ምን ይሠራል? ርቀቱ ትንሽ ይሁን እንጂ ግፊቱ ትንሽ አይደለም። ኮኑ በሰከንድ 40 ጊዜ ሲመላለስ ያቺ 200 ግራም ሳጥኑን የምትገፋው በ13 ኪሎ ክብደት ያህል ኃይል ነው፤ አንዴ ወደ ኋላ፣ አንዴ ወደ ፊት። ቄጤማ በተጎዘጎዘበት የዳስ መሬት ላይ ይህ ብዙም አያመጣም፤ አፈር ሁሉን ይውጣል። ሴራሚክ በተነጠፈበት አዳራሽ ግን 30 ኪሎ የምትመዝን ቀላል ሳጥን በዚህ ግፊት መንሸራተት ትጀምራለች። ማታ ካስቀመጥናት ቦታ ክንድ ያህል ርቃ ያገኘናት ጊዜ አለ። የገዛ ሽቦዋን ነቅላ ራሷን ያጠፋችም አይቻለሁ፤ ያን ቀን ሙሽራው የተናገረኝን እዚህ አልጽፈውም።

ከመራመዷ የሚብሰው ማንኳኳቷ ነው። ወለሉ ወጣ ገባ ከሆነ ሳጥኗ በሦስት እግሯ ትቆምና አራተኛው አየር ላይ ይቀራል። ባዙ በመጣ ቁጥር ያ አራተኛ እግር ወለሉን ይደልቃል፤ ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ድንጋዩ የሚያስቆመው ይህን ነው። ባዝ አይጨምርም፤ ኳኳታ ይቀንሳል። እውነቱን ለመናገር ድንጋይም ባልፈለገ ነበር። ከተቀደደ ከመነዳሪ አራት ቁራጭ ጎማ ቆርጣችሁ ከእግሮቿ ሥር ብትለጥፉ፣ ያጠረው እግር ሥር ደግሞ ደረብ ብታደርጉ፣ መንሸራተቷም ማንኳኳቷም ይቀራል። ግን ድንጋይ ይታያል፤ ጎማ አይታይም። ሰው የሚታይ ሥራ ይወዳል።

«ትንሽ ኳኳታ ምን ይጎዳል፣ ባዙ ይውጠው የለ?» የሚለኝ ረዳት አይጠፋም። አይውጠውም። ጆሯችን ለወፍራም ድምፅ ግማሽ ደንቆሮ ነው። የ40 ኸርዝ ድምፅ ገና ለመሰማት ብቻ 50 ዴሲቤል ያህል ይፈልጋል፤ 1000 ኸርዝ አካባቢ ላለ ድምፅ ግን ከዜሮ ብዙም ያልራቀ ይበቃዋል። ፍሌቸርና መንሰን የሚባሉ የአሜሪካው ቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች ይህን የጆሮ አድልዎ ለክተው ያሳተሙት በ1933 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ የተፈታች ቪቴ፣ የላላ ወንፊት፣ ወለሉን የምትነካካ እግር ከባዙ በብዙ እጥፍ ደክማም ቢሆን ጎልታ ትሰማለች። ጆሮ ለባዝ ዳተኛ፣ ለኳኳታ ሰላይ ነው። ሕዝቡም ያንን ኳኳታ ከባዙ ጋር አብሮ ይሰማውና «ባዙ ሻካራ ነው» ይላል። ባዙ ሻካራ አይደለም፤ ሻካራዋ አንዲት ቪቴ ናት።

አሁን ዋናውን ሌባ ላሳያችሁ። ሳጥኑ እንዳለ መንቀሳቀሱ ኢምንት ነው ካልን፣ የሳጥኑ ግድግዳ ማበጥና መሟሸሹ ግን ኢምንት አይደለም። ያው ባለ 18 ኢንች ኮን 10 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ሲገባ 1.2 ሊትር ያህል አየር ይጨምቃል። ሳጥኑ ዝግ ሆኖ 150 ሊትር የሚይዝ ቢሆን፣ የጀርባው ጣውላ ደግሞ 60 በ60 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ በእኛ በጎንደር የአየር ግፊት ያ ጣውላ ከውስጥ በ30 ኪሎ ያህል ክብደት ይገፋል። ወዲያው ደግሞ ያንኑ ያህል ይሳባል። የዐሥር ዓመት ልጅ ጣውላው ላይ በሰከንድ 40 ጊዜ ሲዘል አስቡት። በ12 ሚሊ ቺፕውድ የተሠራ፣ መካከሉ ላይ ምንም ማገር የሌለው ጣውላ ይህን አይችልም። ያብጣል፤ ይሟሽሻል። አስቂኙ ነገር ኮኑ ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር ጣውላው ወደ ውጭ ማበጡ ነው። አንዱ የውጭውን አየር ሲስብ ሌላው ይገፋል። ባዙ ገና ከሳጥኑ ሳይርቅ እርስ በርሱ ይበላላል። ደንበኛው ግን መዳፉን ጣውላው ላይ አሳርፎ «አቤት ምት!» ይላል። የዳሰሰው እኮ የጎደለውን ነው።

ሌላም አለ። ማንኛውም ጣውላ የራሱ ድምፅ አለው፤ ስታንኳኩት የሚመልስላችሁ። ያ ድምፅ ባዙ በሚሠራበት ክልል ውስጥ ከወደቀ ኪቦርዱ ያቺን ኖታ በነካ ቁጥር ሳጥኑ አብሮ ይዘፍናል፤ ኖታዋ ካቆመችም በኋላ ማንጎራጎሩን አይተውም። በዝግተኛ ትዝታ ላይ ይህ ብዙም አይታወቅ ይሆናል። የጎንደር እስክስታ ሲመጣ፣ ችክችካው ሲፈጥን ግን አንዱ ምት ሳያልቅ ሌላው ይደርስበትና ነገሩ ሁሉ አብሽ የበዛበት ወጥ ይሆናል። ትከሻ የሚነቀነቀው በምቱና በዝምታው መካከል ባለው ክፍተት ነው። ክፍተቱ ሲሞላ ጨፋሪው ለምን እንደደከመው አያውቅም፤ ይቀመጣል።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። የጣውላ ጥንካሬ ከውፍረቱ ጋር እኩል አይሄድም፤ ይፈጥናል። ከ12 ሚሊ ወደ 18 ሚሊ ስትሄዱ ውፍረቱ በግማሽ ጨምሮ ጥንካሬው 3.4 እጥፍ ይሆናል። ውስጡ ላይ በመስቀል ቅርጽ ማገር ብታስገቡ ደግሞ ጣውላው በአራት ትንንሽ ጣውላዎች ይከፈልና ድምፁ በአራት እጥፍ ገደማ ይቀጥናል። ባዙ ከሚሠራበት ክልል ይወጣል ማለት ነው፤ የሚነካው ስለማይኖር ዝም ይላል። ቤት ስንሠራ ያለ ማገር ግድግዳ አናቆምም። የባዝ ሳጥን ስንሠራ ግን ማገሩን «ቦታ ይይዛል» ብለን እንተወዋለን።

የእኛ ሰው ለሚንጫጫ ድምፅ ፍቅር ያለው በከንቱ አይደለም። በገናን ውሰዱ። ጅማቱ ከብርኩማው ጋር በሚገናኝበት ላይ እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ትገባለች፤ ያቺ ቆዳ ናት ለበገና ያን የሚያንዘረዝር ወፍራም ድምፁን የምትሰጠው። እንዚራውን አውጡትና በገናው ይደክማል። እንግዲህ አባቶቻችን መንዘርዘርን አውቀው፣ ልኩን ለክተው ነው ያስገቡት። መሰንቆም ቆዳ የለበሰ ሳጥኑ ነው የሚዘፍነው፤ አንዲት የፈረስ ጭራ ብቻዋን ምን ድምፅ አላት? ከበሮ ግን ሌላ ነገር ነው። ከበሮ ላይ የሚንቀሳቀሰው ቆዳው ብቻ ነው። እንጨቱ ከአንድ ግንድ፣ ብዙ ጊዜ ከዋንዛ፣ ተፈልፍሎ የወጣ ስለሆነ መጋጠሚያ የለውም፤ ቪቴ የለውም፤ የሚላላ ነገር የለውም። ጥምቀት ላይ ፋሲል መዋኛ ዳር ከበሮ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ መዘምር ስታዩ ልብ በሉ፦ ሆዱ ላይ ደግፎታል። ገላው የከበሮውን እንጨት ያሳርፈዋል። የባዝ ሳጥን ዘመዱ ከበሮ ነው። እኛ ግን በመሰንቆ ሕግ ልንሠራው እንፈልጋለን።

ነጋሪትም ከዚህ ወገን ነው። የጎንደር ነገሥታት 44 ነጋሪት ያስመቱ ነበር ይባላል፤ በቅሎ ላይ ተጭኖ፣ አዋጅ ሊነገር። በ1934 ዓ.ም. መውጣት የጀመረው የመንግሥት ጋዜጣ እንኳ ስሙን የወሰደው ከእሱ ነው። አንዳንዴ ሞንታርቦ አይሱዙ ላይ ጭነን ለቅስቀሳ ከተማውን ስንዞር ያቺ በቅሎ ትዝ ትለኛለች። ከላሜራ የተሻለች ማረፊያ ሳትሆን አትቀርም። የአይሱዙ ጋቢና ጀርባና የጎን ላሜራ ባዝ ሲነካቸው የሚያሰሙትን ጩኸት ጃንተከል ዋርካ ሥር የተቀመጠ ሰው ከሙዚቃው አስቀድሞ ይሰማዋል። ወፍራም ምንጣፍ አጥፎ ከሳጥኑ ሥር ማንጠፍ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ስንቶቻችን እንሠራዋለን?

ባለ ሌላ ሐሳቦችም እንዳሉ ልንገራችሁ፣ በኋላ እንዳትሞግቱኝ። የእንግሊዙ ቢቢሲ ለስቱዲዮው የሚሆን ስፒከር ሲሠራ የሄደበት መንገድ ተቃራኒ ነበር። ሀርዉድና ማቲውስ የተባሉ ተመራማሪዎቹ በ1977 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት የሳጥኑን ግድግዳ ማወፈሩን ትተው ቀጠን ያለ ኮምፔርሳቶ ላይ ከባድ፣ ሙት የሆነ ነገር ከውስጥ መለጠፍን መረጡ። ግድግዳው ቢንቀሳቀስም ወዲያው እንዲሞት። ብልህ ሐሳብ ነው፤ የሰው ንግግር በጣም ጥርት ብሎ ለሚያስፈልገው ለዜና ስቱዲዮ። አንድ የሙያ ጓደኛዬ ይህን ሰምቶ የሠርግ ሰብውፈሩን በቀጭን ጣውላ ሠርቶ ከውስጥ ሬንጅ ቀባው። ለድምፁ ምንም አልጠቀመውም፤ ሽታው ግን ሦስት ሠርግ አለፈ። ሰብውፈር የሚሠራው ከ100 ኸርዝ በታች ባለች ጠባብ ክልል ነው፤ ግድግዳውን አጠንክሮ ድምፁን ከዚያ በላይ ማባረር ይቻላል። ሙሉ ድምፅ ለሚያወጣ ስፒከር ያ ማምለጫ የለም፤ ቢቢሲም ወደ ሌላው መንገድ የሄደው ለዚህ ነው።

ወደ ሰሜን እንውጣ። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ነው፤ በአምባ ጊዮርጊስ፣ በዳባት። ከጎንደር ሲነሳ ዝም ያለ ሳጥን ደባርቅ ሲደርስ ያወራል። ምክንያቱ ሌላ አይደለም፤ መኪናው ሙሉውን መንገድ ሲንጠው ቪቴዎቹ ላልተዋል። አንድ ጊዜ ይህን ባለማየቴ ሌሊቱን ሙሉ አንድ የማላውቀው ነገር ሲንዘረዘር አድሮ ጥፋቱን በአምፕሊፋየሩ አሳብቤ ሁለት አምፕ ቀያየርኩ። ንጋት ላይ ስፒከሩን የያዘችው አንዷ ብሎን በጣቴ ዞረች። ከዚያ ወዲህ ካወረድኩ በኋላ መጀመሪያ የማነሳው ነገር ሽቦ አይደለም፤ ካቻቢቴ ነው።

ደጋው ሌላም ነገር አለው። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2100 ሜትር በላይ ናት፤ ደባርቅ ከ2800 ሜትር በላይ። አየሩ ስስ ነው። ጎንደር ላይ ከባሕር ጠለሉ ከመቶ 20 ገደማ ይቀላል፤ ደባርቅ ላይ ከመቶ 25 ገደማ። ባዝ ማለት አየር መግፋት ስለሆነ ኮኑ እኩል ቢንቀሳቀስም እዚህ የሚገፋው ነገር ያንሳል። ጎንደር ላይ 2 ዴሲቤል ያህል ይጎድላል። ያችን ለመመለስ ኮኑ 1.25 እጥፍ መንቀሳቀስ አለበት፤ አምፑ ደግሞ ከግማሽ በላይ ተጨማሪ ጉልበት ማውጣት አለበት። ጄኔሬተሩም በበኩሉ ስስ አየር ነው የሚተነፍሰው፤ እሱም ጉልበቱ ቀንሷል። «የሳጥኑ የአየር መውጫ ቱቦ ድምፅም በከፍታ ይቀየራል» የሚሉ አሉ፤ ይህኛው ስሕተት ነው። የድምፅ ፍጥነት የሚከተለው ሙቀትን እንጂ ከፍታን አይደለም። የደባርቅ ሌሊት ቅዝቃዜ ነው ትንሽ የሚያወርደው፤ እሱም በጣት የሚቆጠር። ዋናው ነገር ደጋ ላይ ኮኑን አብዝተን እንነዳዋለን፤ አብዝተን ስንነዳው በሳጥኑ ላይ ያለች እያንዳንዷ ድክመት ትወጣለች። አዲስ አበባም ከጎንደር ከፍ ያለች ናትና የሸገር ልጆች እዚህ ላይ ባይመጻደቁ ይሻላል።

እንግዲህ ሳጥን ልትገዙ ወይም ልታሠሩ ስትሄዱ በሹክሹክታ የምሰጣችሁ ነገር አለ። ባለ አንድ ብር ሳንቲም ይዛችሁ ሂዱ። ባዙ ሲሠራ ሳንቲሙን ከሳጥኑ አናት ላይ አስተኙት። በ40 ኸርዝ ሳንቲም መዝለል የሚጀምረው ከሥሩ ያለው ጣውላ 0.15 ሚሊ ሜትር ከፍ ዝቅ ሲል ነው። ቅድም ያልነው የሳጥኑ መሸሽ ከዚህ በጣም ያንሳል፤ እሱ ሳንቲም አያዘልልም። ስለዚህ ሳንቲሙ ከተንጫጫ ጣውላው እያበጠ ነው፤ ወይ ሳጥኑ በእግሮቹ እየተናጠ ነው። ሻጩ ግራ ሲጋባ ታዩታላችሁ። ቀጥሎ በጣታችሁ አንጓ ጎኑን አንኳኩ። እንደ ባዶ ጋን የሚጮህ ከሆነ ተዉት፤ እንደ ግንድ «ድም» የሚል ከሆነ ጠይቁ።

ክብደቱን ብቻ አትመኑ። «ከባድ ሳጥን ጥሩ ሳጥን ነው» የሚለው ወሬ ከተሰማ ወዲህ ሰውም ብልጥ ሆኗል። ለጥገና የመጣልኝን አንድ ሳጥን ስከፍት ታችኛው ጣውላ ላይ ሲሚንቶ ተቦክቶ ፈስሶበት አገኘሁ። ክብደቱ ሁለት ሰው ያንገዳግዳል። የጀርባው ጣውላ ግን 9 ሚሊ ነበር፤ አውራ ጣቴን ስጫነው ጎበጠልኝ። ክብደት ሳጥኑን መሬት ያስይዘዋል እንጂ ግድግዳውን አያጠነክረውም።

ሌላው ዕጣን ነው። አዎ፣ ዕጣን። ሳጥኑ ከተሠራ በኋላ ዝግ ያለ ባዝ አስጩኹበትና የሚጤስ ዕጣን በመጋጠሚያዎቹ፣ በስፒከሩ ዙሪያ፣ በሽቦው መግቢያ ላይ አዙሩ። ጭሱ ቀጥ ብሎ እየወጣ ሳለ አንድ ቦታ ላይ ከተንዘፈዘፈ እዚያ ጋ አየር ያመልጣል። በሚስማር ብቻ የተመታ፣ ኮላ ያልጠጣ መጋጠሚያ ሁልጊዜ ያመልጣል። ክረምት ላይ ቺፕውዱ እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፤ በጋ ሲመጣ ይደርቅና ይሸሻል፤ ጥር ላይ ለሠርግ ሲወጣ ከንፈሩ ተከፍቷል። ስፒከሩና ጣውላው መካከል ስስ የስፖንጅ ወይም የጎማ ጓርኒሲዮን ከሌለ ደግሞ ያቺ ክፍተት በየምቱ ታፏጫለች። አንድ የጥገና ደንበኛዬ ጭሱን አይቶ «ደግሞ ለሞንታርቦ ይታጠናል?» ብሎ አማተበ።

ቤታችሁ ላለችው ትንሽ ሰብውፈር ብዙ አልጨነቅም። እሷን የሚያበላሻት ብፌው ነው። የኛ ሰው ቴሌቪዥኑንም፣ ባዙንም፣ የእናቱን የብርጭቆ ስብስብም አንድ ብፌ ላይ ይደረድርና ፊልም ሲያይ ብርጭቆዎቹ ለምን እንደሚያጨበጭቡ ይገርመዋል። መሬት ላይ አውርዷት፤ ከሥሯ ጎማ አድርጉላት፤ አለቀ። ገንዘብ ያላቸው ፋብሪካዎች ሁለት ስፒከር ጀርባ ለጀርባ አስረው አንዱ ሲገፋ ሌላው በተቃራኒው እንዲገፋ ያደርጋሉ፤ ግፊቱ እዚያው ውስጥ ይጣፋና ሳጥኑ ድንጋይ ሳይጫንበት ዝም ይላል። አፕል በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ባለ 16 ኢንች ላፕቶፕ ውስጥ እንኳ ይህን አስገብቷል፤ ድምፁን የሚያበላሸው ንዝረት እንዲቀንስ።

እኔም እንደዚያ ያለ ሳጥን ሠራሁ። ሁለት ባለ 15 ኢንች፣ ፊትና ጀርባ፣ 18 ሚሊ ኮምፔርሳቶ፣ ውስጡ ማገር በማገር፣ ኮላው ሁለት ቀን የጠጣ፣ በዕጣን የተፈተሸ። መጀመሪያ ያወጣሁት ወገራ ለነበረ ሠርግ ነው። ሳንቲም አስቀመጥኩበት፤ ሳንቲሙ ተኛ። ሲኒ ሙሉ ውኃ አስቀመጥኩበት፤ ውኃው ፊቱን እንኳ አላጨማደደም። ባዙ ግን ደረት ይገባ ነበር፤ ምቱ ከምቱ ተለይቶ፣ ጨፋሪው ሳይቀመጥ። ከዳሱ ኋላ ቆሜ በልቤ እየፎከርኩ ነበር።

አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን አጣፍተው መጡና መዳፋቸውን ከሳጥኑ አናት ላይ አሳረፉ። ቆዩ። ጆሯቸውን አስጠጉ።

«ልጄ፣ ይቺኛዋ ጠፍታለች መሰለኝ» አሉኝ።

«አልጠፋችም አባቴ፤ እየሠራች ነው።»

የጋቢያቸው ጥለት ከኮኑ ፊት በየምቱ ይርገበገባል። እሳቸው ግን የሚያዩት ሳጥኑን ነው። «ታዲያ ምነው ሞተች?» አሉ። የሙሽራው አጎት ናቸው፤ ከፋዩም እሳቸው ናቸው። ድንጋይ የተጫነበትን የባልደረባዬን አሮጌ ሳጥን በአገጫቸው እያመለከቱኝ፣ «ያቺን አታያትም፣ ስትንዘፈዘፍ?»

ጎንበስ ብዬ ሽቦ የማስተካክል መሰልኩና ሳጥኔን በጉልበቴ ገፋ አድርጌ ከዳሱ የቆርቆሮ ግድግዳ ጋር አስነካኋት። ቆርቆሮው ከዳር እስከ ዳር ተንጫጫ።

«እንዲህ ነው እንጂ!» አሉና ትከሻዬን መታ መታ አድርገውኝ ወደ ጭፈራው ተመለሱ።